ሥራ ለመፈለግ ስንት ብር ያስፈልጋል? ከአራት ኪሎ የተነሣ ጥያቄና የመጡት ምላሾች

የመክፈቻ ጽሑፍ

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ጠዋት ጠዋት በብዛት የሚመጡልኝ ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። ጋዜጣ ተከራይተው ያነባሉ። የሚሆናቸውን ማስታወቂያ በስልክ ፎቶ ያነሣሉ። ከዚያ ወደ እኔ ይመጣሉ።

ባለፈው ረቡዕ አንዲት ልጅ መጣች። ቴምፖዋን (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃዋን)፣ ስቱደንት ኮፒዋን (የትምህርት ውጤት ዝርዝሯን)፣ የኤግዚት ፈተና ውጤቷንና መታወቂያዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። 4 ገጽ ነው፤ ለ3 መሥሪያ ቤት ልታስገባ አስባለች። ገጹ በ5 ብር እንደሆነ ነገርኳት። ዝም አለች። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ከዚያ ለሁለቱ ብቻ እንዳነሣላት ጠየቀችኝ። የመጣችው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ መመለሻ ታክሲም አለባት። ሦስተኛው መሥሪያ ቤት ሊቀርባት የነበረው ችሎታ አንሷት አይደለም። 20 ብር ነው ሊያስቀርባት የነበረው።

መንግሥት ስለ ሥራ ዕድል ፈጠራ ይናገራል። የሠራተኛ ማኅበራት ስለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይናገራሉ። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ግን በመሀል ያለውን መንገድ ማን ያስብበታል? እኔ የሚታየኝ ሥራ ፍለጋ ራሱ ገንዘብ ያለው ሰው ሥራ እየሆነ መምጣቱ ነው። ከታክሲ ወጪ የሚጀምር ፖሊሲ ቢኖር ብዙ ነገር ይቀየራል ብዬ አምናለሁ። እናንተስ?

ምላሾቹ

ከላይ ያለውን ለጥፌ ይህን የውይይት ክር ስከፍት ሁለት ሦስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር። በ4 ቀን 29 ደረሰ። ዘግይታችሁ ለምትገቡ፣ የተባባልነውን በቁጥሩ ተራ እነግራችኋለሁ።

ምላሽ 1 በትሕትና የመጣ ጥያቄ ነው። የልጅቷን ሦስተኛ ኮፒ በነጻ ሠርቼላት እንደሆነ ጠየቀ። ሠርቼላታለሁ። ግን በቀን እንደ እሷ የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው፤ ለሁሉም እንደዚያ ላድርግ ብል ለቀለምና ለወረቀት የሚተርፈኝ የለም። እዚህ የጻፍኩትም ለዚያ ነው።

ምላሽ 2 ከተመረቀች ሁለት ዓመት የሞላት እህት ናት። የአንድ ቀን ወጪዋን ዘረዘረች። ከቤቷ መሀል ከተማ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ኮፒ አለ፣ ጉርድ ፎቶ አለ፣ ሰልፉ ከረዘመ ምሳ አለ። ማስታወቂያው አሁን በቴሌግራም በነጻ ይደርሳታል። ማመልከቻው ግን ብዙ ቦታ በአካል ቅረቡ ነው የሚለው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መውጣት እንደጀመረችና ለዚያም ታናሽ ወንድሟን እንደምትበደር ጻፈች። ይቺን መስመር ሳነብ ከበደኝ።

ምላሽ 3 በግልጽ ተቃወመኝ። ነገሩ የታክሲ አይደለም፣ ሥራው ነው የሌለው አለ። ለአንድ የዜሮ ዓመት (የሥራ ልምድ የማይጠይቅ) ቦታ አጥሩን የዞረ ሰልፍ አይቻለሁ፤ ታክሲው በነጻ ቢሆን ሰልፉ ይረዝማል እንጂ ወንበሩ አይጨምርም ነው ያለው። ክርክሩ ጠንካራ ነው፣ እስከ መጨረሻው አብሮን ዘልቋል።

ምላሽ 4 በጥናት ሥራ ላይ ያለች ሴት ናት። ክሩን ከአሉባልታ ያወጣችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ያደረጉትን ሙከራ አስረዳችን። ከመሀል ከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፋፈሏቸው። አንደኛው ቡድን በሳምንት እስከ 3 ጊዜ ወደ መሀል ከተማ ሲመጣ የመጓጓዣ ገንዘብ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ቡድን ስለ ሲቪ፣ ስለ ማመልከቻ ደብዳቤና ስለ ቃለ መጠይቅ ይሠለጥናል፤ ችሎታውም ተፈትኖ ውጤቱን የሚያሳይ ሰርቲፊኬት ይቀበላል። ፈተናውን የሰጠው ኮሜርስ ነው፣ ሰንጋ ተራ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም ቡድኖች የተሻለ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ፤ አንዱ ወደ መደበኛ ሥራ፣ ሌላው ወደ ቋሚ ሥራ። ይበልጥ የጠቀመው ደግሞ ከ12ኛ ክፍል በላይ ላልተማሩት ነው።

ደስ አለኝ። የኔ ሐሳብ ትክክል ነው ማለት ነው ብዬ መልስ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

ምላሽ 5 ቀደመኝ። ጥናቱን እሱም አንብቦታል፤ ያልተነገረውን ግማሽ ጨመረ። ከ4 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ የመጓጓዣ ገንዘቡ ውጤት አልቆየም። የሠለጠኑትና የተፈተኑት ግን ገቢያቸው ካልሠለጠኑት በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ስለዚህ የመክፈቻው ጽሑፍ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው አለ። ታክሲው በር ድረስ ያደርስሃል፤ በሩን የሚያስከፍተው ግን ምን እንደምትችል የሚያሳይ ማስረጃ ነው ማለቱ ነው። እውነቱን ነው። የጀመርኩትን መልስ አጠፋሁትና አመሰገንኩት። ሱቄ ውስጥ ሰው ሲቪው ላይ ምን እንደሚጽፍ አያለሁ። አምስት ዓመት ሱቅ ያስተዳደረ ልጅ፣ ሱቁ የአጎቱ ስለሆነ ብቻ የሥራ ልምድ የሚለውን ቦታ ባዶ ይተወዋል።

ምላሽ 6 ከዚያ አንድ እርምጃ ወሰደን። ማስረጃው ስለሌለ ነው ቀጣሪው ተያዥ የሚጠይቀው አለች። ደመወዝተኛ ዋስ አምጪ ተብላ የገንዘብ ተቀባይ ሥራ እንዳመለጣት ነገረችን። አባቷ ሞተዋል። እናቷ ጉሊት ናቸው። ደመወዝ ያለው ዘመድ የላትም። ሲጂፒኤዋ (የዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤቷ) 3.4 ነው። ድሃ ቤት የተወለደ ሰው ደመወዝተኛ ዘመድ ከየት ያመጣል ብላ ጨረሰች።

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ምላሽ 7 የጻፈው ካዛንቺስ አካባቢ ዳቦ ቤት ያለው ሰው ነው። ተያዥ የሚጠይቀው በክፋት እንዳልሆነ ጻፈ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ የሦስት ቀን ሽያጭ ይዞበት ጠፍቷል። ሌላው ሥራውን ካስተማረው በኋላ በወሩ ሳይነግረው ቀረ። እዚህ የምታዝኑ ሁሉ አንድ ቀን ደመወዝ ከፍላችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ አፋጠጠን። የዛሬ ወጣት ሥራ ይመርጣልም አለ።

ምላሽ 8 ያቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ዝም ብላ አላለፈችም። ወጣቱ የሚመርጠው ሥራ ሳይሆን የማይበላበትን ደመወዝ አለመቀበል ነው አለች። ምላሽ 9 ስድብ ነበረበት፤ አጥፉልኝ ብዬ ጠየቅሁ፣ ጠፋ። ምላሽ 10 ሁለቱንም ለማብረድ ሞከረና ሁለቱም ተነጫነጩበት። ያም ሆኖ የዳቦ ቤቱን ሰው አላባረርነውም። በዚህ ጉዳይ ላይ ቀጣሪ የሌለበት ውይይት ግማሽ ውይይት ነው።

ምላሽ 11 በከተማው ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ ልብስ ሰፍታ የነበረች ልጅ ናት። ሥራው እንዳልጠፋባት ጻፈች። ሰርቪስ ለመያዝ ለሊት 10 ሰዓት ትነሣለች። ለሦስት የሚከራዩት አንድ ክፍል፣ አስቤዛና ለቤተሰብ የምትልከው ሲቀነስ እጇ ላይ የሚቀር የለም። ወገቧን ያማት ጀመር። በአምስተኛው ወር ለቀቀች። ሰነፍ እንዳልሆነች ሁለት ጊዜ ጻፈችው፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ምላሽ 12 ብቻዋን እንዳልሆነች ነገራት። ብላትማንና ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በ5 የኢትዮጵያ ድርጅቶች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አነሣ። ፋብሪካ ከገቡት ውስጥ ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀዋል። በዓመቱ 77 በመቶው ወጥቷል። ገቢያቸው ሥራ ካልተሰጣቸው ሰዎች ያን ያህል አልበለጠም፤ የጤና ችግር ግን ጨምሮ ተገኝቷል። በሌላ በኩል 5 ቀን ሥልጠናና ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። ምላሽ 12 ከዚህ ተነሥቶ ፋብሪካውን ትተን ለሁሉም መነሻ እንስጥ አለ።

ምላሽ 13 አጭርና ጠቃሚ እርማት ናት። ከ5 ዓመት በኋላ ሲታዩ የሁሉም ቡድኖች ገቢ ተመሳስሏል፣ ልዩነቱ ጠፍቷል። ይህን የጻፈው ልጅ ራሱም በ2009 በ10 ቢሊዮን ብር በተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተደራጅቶ ነበር። ከማያውቃቸው አራት ልጆች ጋር ነው የተደራጀው። ብድሩ መጣ፤ የመሸጫ ቦታው ሳይመጣ ቀረ። ገንዘብ ያለ ቦታና ያለ ገበያ ብቻውን ምን ያደርጋል ብሎ ተወው።

ምላሽ 14 ወደ ደመወዝ ወለል መለሰን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠናና የሚያሻሽል፣ የመንግሥት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ወኪሎች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ ሥልጣንና ኃላፊነት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ይላል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ይህን ሲጠይቅ ዓመታት ሆኖታል። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ብር ነው። የዘበኛው፣ የአስተናጋጇና የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል ግን የት ነው ብሎ ጠየቀ። በ2011 ወለሉ ተቆርጦ ቢሆን ዛሬ የምንከራከረው ስለ መጠኑ ይሆን ነበር። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ምላሽ 15 ላይ ስሕተት ነበር። መንግሥት እኮ ከ600 ብር በላይ ሁሉ ላይ ግብር ይቆርጣል አለ። ምላሽ 16 የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ አረመችው። 600 የቀድሞው ነው፣ የ2008ቱ አዋጅ። በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሎ ከግብር ነጻ የሆነው 2,000 ብር ሆኗል። ከዚያ ለ5,000 ብር ደመወዝ ሒሳቡን አስቀመጠችልን። በድሮው ግብሩ 697 ብር ከ50 ነበር። አሁን ከ2,000 እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር፤ በቀሪው 1,000 ላይ 20 በመቶ፣ ማለትም 200 ብር። በድምሩ 500። ጡረታ 7 በመቶ 350 ሲቀነስ በእጅ የሚገባው 4,150 ብር ነው። ትርፉ በወር 197 ብር ከ50 ሳንቲም። ምላሽ 17 ያንን ብር በሽንኩርት ዋጋ መንዝሮ አሳየን። ብዙ አልሆነም።

ምላሽ 18 ላይ ልቆይ። ጋሽዬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን 58 ብለው ጽፈዋል። በኤጀንሲ በኩል ጥበቃ ተቀጥረው አንድ ሕንፃ ላይ ይሠራሉ። የማንኛቸውንም ስም አላነሡም። ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ይቆማሉ። ዝናብ ሲሆን የሚጠለሉባት ቆርቆሮ አለች፤ ወንበር ማስገባት ግን አይፈቀድም። ሕንፃው በእሳቸው ስም ለኤጀንሲው የሚከፍለውንና እሳቸው እጅ የሚደርሰውን አንድ ቀን በአጋጣሚ ወረቀት ላይ አይተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፋቸው እንደተበላሸ ጻፉ። ምላሽ 19 ሕጉን በአክብሮት አስረዳቸው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ትርፍ ሰዓት ቀን ከሆነ አንድ ተኩል፣ ሌሊት ከሆነ አንድ ነጥብ 75 እጥፍ ይከፈላል። ጋሼ መልሰው የጻፉት አንድ መስመር ነው። ሕጉን ያውቁታል። ሕጉን ይዘው ቢናገሩ በማግሥቱ ሌላ ሽማግሌ እንደሚቆም ግን ከሕጉ በላይ ያውቃሉ።

ለምላሽ 3 ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም። ሥራ ከሌለ ሕጉ ጉልበት ያጣል።

ከ20 እስከ 22 ከርዕሳችን ወጣን። አንዱ የቤት ኪራይ አዋጁን አነሣ፤ ከ2016 ወዲህ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት መሆን አለበት ሲባል የሱ አከራይ ግን ሌላ ዘዴ እንዳገኘ ጻፈ። ሌላዋ ከፒያሳ ተነሥታ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መብራቱም ውኃውም አለ። ግን ፒያሳ ሳለች ጎረቤት ልብስ ታጥብ፣ እንጀራ ትጋግር ነበር። አሁን ደንበኞቿ ዘንድ ለመድረስ የቀኑ ገቢዋ ሲሶ መንገድ ላይ ያልቃል። ከርዕስ ወጣን ያልኩት ቸኩዬ ነው። ይህም ያው የቱሉ ዲምቱዋ ልጅ ነገር ነው። መኖሪያው ሲርቅ ሥራው አብሮ ይርቃል።

ምላሽ 23 የእናቷን ታሪክ ያመጣች ልጅ ናት። እናቷ የከተማ ሴፍቲኔት (መንግሥት ለድሆች የአካባቢ ሥራ እየሰጠ የሚከፍልበት ፕሮግራም) ውስጥ ገብተው ሰፈራቸውን ጠርገዋል፣ ቦይ ከፍተዋል፣ ችግኝ ተክለዋል። ክፍያው ትንሽ ነበር። ነገር ግን በቀኑ ይታወቃል፣ በባንክ ደብተር ይገባል። ከዚያ በፊት የቀን ሥራ ላይ ድንጋይ ሲሸከሙ የተሰጣቸውን ተቀብለው ይመለሱ ነበር። ሴፍቲኔቱ ከመጣ በኋላ ግን ዋጋው ካልተስማማቸው እቤት የመቅረት ድፍረት አገኙ።

ምላሽ 24 የጥናቷ ሴት ተመልሳ መጣች። ያ ድፍረት በቁጥር ተለክቷል አለች። ፕሮግራሙ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ወረዳዎች የገባው በዙር ነበር፣ ተራውም በዕጣ። ስለዚህ ቀድመው የገቡትን ካልገቡት ጋር ማወዳደር ተቻለ። ተጠቃሚዎቹ ለግል ቀጣሪ የሚሠሩት ሰዓት ቀነሰ። እጅ ሲያንስ ቀጣሪው ዋጋ ጨመረ። ፕሮግራሙ በሁሉም ወረዳ ሲዳረስ የግሉ ዘርፍ ክፍያ በ18.6 በመቶ ከፍ እንዳለ ተመራማሪዎቹ አስልተዋል። ስሙ መዝገብ ላይ የሌለ ጎረቤት ሁሉ ተጠቅሟል ማለት ነው። ሰፈሩም ጸድቷል።

ይህ አስተያየቴን ቀየረው። የደመወዝ ወለል በአዋጅ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ሌላ የሚሄድበት ሲኖረውም ይመጣል። ጋሽዬ ሌላ በር ቢኖራቸው ያቺን ወረቀት ባዩ ማግሥት ይናገሩ ነበር።

ምላሽ 25 ግን ጥንቃቄ ጨመሩ። የኮብልስቶን ዘመን ሰው ናቸው። ድንጋይ ጠረባ አሠልጥነዋል፤ ዲግሪ ያላቸው ልጆች መዶሻ ይዘው ሲያፍሩ አይተዋል። ሥራው ገቢ ነበረው፣ ቤት ያስተዳደረባቸውም አሉ። መንገዱ ሲያልቅ ግን ሥራው አብሮ አለቀ። መንግሥት ሥራ ሲሰጥ፣ ሰውየው ከዚያ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በመጀመሪያው ቀን ይታሰብበት አሉ። ምላሽ 26 በዚህ ተስማምቶ፣ በሴፍቲኔቱ መጨረሻ ላይ ያ የኮሜርስ ዓይነት ፈተናና ሰርቲፊኬት በየወረዳው ቢሰጥ ብሎ ሁለቱን አገናኘ። የወረዳ ሥራ ዕድል ፈጠራ ቢሮ መዝገብ ይይዛል፤ ማን ምን እንደሚችል ግን አይፈትንም አለ። ከክሩ ሁሉ ለባለሥልጣን ላሳይ ብል የምመርጠው ይህን ነው። ለ12ኛ ክፍል ጨራሽ፣ ከፒያሳ ለተነሣችው ልብስ አጣቢ፣ ሲጂፒኤዋ 3.4 ለሆነችው፣ ከተያዥ ፊት የሚቆምላቸው ወረቀት ይሆናል።

ምላሽ 27 ያልጠበቅነው ነው። የዳቦ ቤቱ ሰው ተመለሰ። በምላሽ 7 በተናገረው ድምፅ እንዳዘነ ጻፈ። ተያዥን ጨርሶ መተው እንደማይችልም ሳይደብቅ ተናገረ፣ የተሰረቀው ገንዘብ የብድር ነበር። ግን ለካሸር ብቻ ሊያደርገው ወስኗል። ለጋጋሪና ለአስተናጋጅ አንድ ሳምንት እየከፈለ ሊያያቸው ነው። ለቃለ መጠይቅ ለሚመጣ ሰውም የታክሲ ሊሰጥ አስቧል። ምላሽ 28 የጥናቷ ሴት ናት። እዚሁ አገር በተደረገ ሌላ ሙከራ ለሚያመለክት ሰው ትንሽ ገንዘብ መክፈል ይበልጥ ጎበዝ አመልካቾችን እንዳመጣ፣ ጎበዞቹ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ወጪው ስለሚከብዳቸው እንደሆነ ነገረችው። ቀጣሪዎች ይህን ጥቅም አሳንሰው እንደሚገምቱትም ጨመረች። የዳቦ ቤቱ ሰውም አድራሻውን በውስጥ መስመር ለምላሽ 6 ላከላት።

ምላሽ 29 ትናንት ማታ የመጣ ነው። ስለ ፖሊሲ አንድም ቃል የለውም። ከገላን ኮንዶሚኒየም እንደሚመጣና ሪፖርተር እሑድ ሲወጣ ሱቄ ክፍት ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። ኮፒው 8 ገጽ ነው።

እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እንደምከፍት ጻፍኩለት።